የአባቴን ቮልስዋገን ለማደስ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፣ ከአዘዞ (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከአዘዞ ፒያሳ ይመላለሱባት የነበረችው ባለ 1200 ሞተር ቮልስዋገናቸውም ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ቆማ ቀርታለች። ዘንድሮ በገዛ እጄ ላድሳት ቆርጫለሁ፤ ሆኖም እስካሁን ጎማ ከመቀየር ያለፈ ሥራ አልሞከርሁም። ያማከርሁት ቀለም ቀቢ የዛገውን በስቱኮ ሞልቶ በሁለት ሳምንት አዲስ እንደሚያስመስላት ነግሮኛል። ከቀለሙ ልጀምር ወይስ ከሞተሩ?

መልስ፣ ከማራኪ

ወንድሜ፣ ከሁለቱም በፊት ወለሉን ይመልከቱ። የቮልስዋገን ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በስተቀኝ በመሆኑ፣ የሚንጠባጠበው አሲድ ቀድሞ የሚበላው እዚያ ያለውን ላሜራ ነው። መቀመጫውንና ምንጣፉን አንሥተው በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ያድርጉት፤ ጤነኛው ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የዛገው ግን ድምፁ ይታፈናል፣ ቅርፊቱም ይረግፋል። በካቻቢቴው ጫፍ ሲጫኑት ከተበሳ እስከ ንጹሑ ብረት ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት።

የስቱኮውን ነገር እኔ ከስሬ ነው የተማርሁት። አንድ ጋራዥ የመኪናዬን በሮች ዝገቱን ሳይፍቅ በስቱኮ ሞልቶ ሲቀባ፣ በግርጌያቸው ያሉትን የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አብሮ ደፈናቸው። በመስተዋቱ ጎን የገባው የክረምት ዝናብ መውጫ አጥቶ በሩ ውስጥ ተኛ፤ መስቀል ሳይደርስ ቀለሙ አረፋ እያወጣ ተነሣ፤ በጥፍሬ ብነካው ስቱኮው ከነቀለሙ ተላቀቀና ከሥሩ እርጥብ ቀይ ዝገት ታየ። ስቱኮ በንጹሕ ብረት ላይ ስስ ሆኖ ሲቀባ እንጂ ቀዳዳ ሲደፈንበት አይበጅም።

መልስ፣ ከፒያሳ

ልጄ፣ ብዙ ዓመት በመካኒክነት ሠርቻለሁና ስለ ሞተሩ ልንገርህ። ስድስት ዓመት የቆመን ሞተር በሞተሪኖ ለማስነሣት አትቸኩል። አራቱን ካንዴላ ፈትተህ በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምርበት፤ ሁለት ቀን አሳድረህ በዲናሞው ፑሌጃ (ቺንጊያው በሚዞርበት ክብ ብረት) ላይ ያለውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘህ ሞተሩን በእጅህ ቀስ እያደረግህ አዙረው። ያረጀውን ቤንዚን ከሰልባቲዮው አፍስስ፤ አሮጌውን ዘይት ለውጥ፤ የሚይዘው 2.5 ሊትር ነው። ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ደግሞ የአምፖሎቿን ጽሑፍ አንብብ፤ የድሮዎቹ ባለ 6 ቮልት ናቸውና።

ሞተሩ ቢነሣም ፍሬኑን ሳታድስ ከግቢ እንዳትወጣ አደራህን። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያ እርጥበት የፍሬኑን ብረት ከውስጥ ያዝገዋል፣ የጎማ ቱቦዎቹም አርጅተው ይሰነጠቃሉ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ያለውን ቁልቁለት ከእኔ ይበልጥ አንተ ታውቀዋለህ። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንሥተህ ከሥሯ መግባትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይኑርህ።

ጠያቂው

አንቱ እንዳሉት ሞተሩን ነገ እጀምራለሁ። ዛሬ ጠዋት መቀመጫውን ባነሣው ግን ካቻቢቴው በባትሪው ሥር ላሜራውን በቀላሉ በስቶ ገባ። ቀለም ቀቢውን እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ፤ አሁን የምፈልገው በያጅ ነው።

መልስ፣ ከፒያሳ

መልካም። በያጁ ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን አውጣ፤ ሰልባቲዮዋ በፊት ኮፈኑ ሥር ነውና እርሱንም ፈትታችሁ አርቁት።