ሌንገር ወይስ ሌንግሬ? ኖርዌጂያን የምትችሉ እስቲ

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ኦስሎ ነኝ ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፣ ሌንገርና ሌንግሬ ሊያሳብዱኝ ነው፣ ሁለቱም "የረዘመ" አይደሉም እንዴ? "ያይ ቡር ኢከ ሄር ሌንግሬ" ብዬ ጽፌ አስተማሪዋ በቀይ ሰረዘችብኝ።

መልስ፦ አይዞሽ ሁላችንም አልፈንበታል። ሌንግሬ ቅጽል ነው፣ ስም ነው የሚገልጸው፣ "ኤን ሌንግሬ ቱር" ረዘም ያለ ጉዞ እንደማለት። ሌንገር ግን ከግሱ ጋር ነው የሚሄደው፣ ብዙ ቆየ ወይ ራቅ ብሎ ሄደ ስትዪ፣ ከኢከ (አሉታ ማድረጊያዋ ቃል) ጋር ሲመጣ ደሞ "ከአሁን በኋላ አይ..." ይሆናል፣ አንቺ ያልሽው "አሁን እዚህ አልኖርም" ስለሆነ ሌንገር ነው።

ሌላ መልስ፦ ኖርዌጂያኖቹም ራሳቸው ሲጽፉ ይቀላቅሉታል ባክሽ። እኔን የሚፈትነኝ ሜርና ፍሌሬ ነው፣ በኛ ሁለቱም "ተጨማሪ" ናቸዋ! ቡናው ስለማይቆጠር ሜር ካፈ፣ ስኒው ስለሚቆጠር ፍሌሬ ኮፐር።

ጠያቂ፦ ውይ የቡናዋ ገባችኝ 😂 ተባረኩ