የማጽኛ ክፍል ልጆች ካቴኪዝሙን በቃላቸው ይሉታል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሲከፈት ግን ይጠፉብኛል

ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መካነ ኢየሱስ ነኝ፣ ዘንድሮ የማጽኛ ክፍሉን (በሕፃንነቱ የተጠመቀ ልጅ እምነቱን በራሱ አፍ ለመመስከር የሚዘጋጅበትን) ያዝ ተባልኩ። ልጆቹ ከ14 እስከ 17 ዓመት ናቸው፣ ሁሉም በሕፃንነታቸው የተጠመቁ። የማርቲን ሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም ነው የምናጠናው፣ በጥያቄና መልስ የተጻፈ የእምነት ማስተማሪያ ነው። አሥርቱ ትእዛዛት፣ የእምነት መግለጫው፣ የጌታ ጸሎት፣ ጥምቀቱ፣ ሁሉንም እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት። ወንጌል ሲከፈት ግን አንገት ወደ ስልክ። ጥያቄ ሲያመጡም ከትምህርቱ ውጪ ነው። አንዷ «ጓደኞቼ የሕፃን ጥምቀት አይቆጠርም፣ እንደገና ተጠመቂ ይሉኛል» አለች። ሌላው ደግሞ «አያቴ ሙስሊም ናት፣ ስትሞት የት ነው የምትገባው?» ብሎ ጠየቀና ክፍሉ ጭጭ አለ። እናንተ እንዴት ነው የምታስተምሩት?

እናት አስተማሪ፣ ደሴ፦
ወንድሜ፣ ከትምህርቱ ውጪ ያልካቸውን ጥያቄዎች መጀመሪያ አድርጋቸው። ልጅቷ እኮ የጥምቀትን ክፍል ራሷ ከፍታልሃለች። ሐዋርያት ሥራ 16ን አብራችሁ አንብቡ፣ የወኅኒ ጠባቂው ከነቤተ ሰቡ የተጠመቀበትን። እዚያ ውስጥ ሕፃን ነበረ ተብሎ አልተጻፈም፣ ይህንንም አትደብቃት፣ ጓደኞቿ ነገ ይነግሯታል። ከዚያ ማርቆስ 10ን፣ ሕፃናቱን ተዉአቸው ወደ እኔ ይምጡ ያለበትን። እኛ ጥምቀትን እግዚአብሔር የሚሰጠው ስጦታ ነው እንላለን፣ እነዚያ ደግሞ ያመነ ሰው የሚታዘዘው ትእዛዝ ነው ይላሉ፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ማጽኛውም ሁለተኛ ጥምቀት እንዳልሆነ ንገራት። ያኔ ወላጆቿ በእሷ ፈንታ ተናገሩ፣ አሁን በራሷ አፍ ትናገራለች። ጓደኞቿን ግን አታጣጥልባት፣ ትተውህ ትሄዳለች።

ሌላው፣ እዚህ አካባቢ በ2014 ጦርነቱ ሲገባ ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ናቸው። ጮክ ብሎ ማንበብ የሚያሳፍረው ልጅ አይጠፋም። ተራ በተራ አንብቡ እያልክ አታሳቅቃቸው፣ አንተ አንብብላቸው።

ሽማግሌው፦
ማስጠናቱን ደግሞ አትናቁብኝ። ሉተር በ1528 እ.ኤ.አ. በጀርመን የሳክሶኒን አጥቢያዎች እየዞረ ሲያይ ሕዝቡ ቀርቶ አንዳንዱ ቄስ እንኳ የጌታን ጸሎት በቅጡ አያውቅም ነበር፣ በ1529 ካቴኪዝሙን ያወጣው ለዚህ ነው። ያዘጋጀውም አባወራው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያስተምርበት ነው (የእኛ አባወራዎች ግን ልጁን በር ላይ ጥለው ይሄዳሉ፣ እሱን ተዉት)። በየትእዛዙ ሥር «ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። ልጆቹ የሉተርን መልስ ከመድገማቸው በፊት የራሳቸውን ይናገሩ። አትስረቅ ስትል ስለ ፈተና ኩረጃ ጠይቃቸው። በሐሰት አትመስክር ስትል ስለ ቴሌግራም ግሩፓቸው ጠይቃቸው፣ ያኔ ማን ስልኩን እንደሚነካ ታያለህ። ሉተር እዚያ ላይ የባልንጀራህን ስም ጠብቅ፣ ያደረገውንም በበጎ ተርጉምለት ነው የሚለው።

በነገራችን ላይ ቁጥሩ እንዳያጣላችሁ። የተቀረጸ ምስልን ለብቻው ሁለተኛ ትእዛዝ አድርገው የሚቆጥሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ እኛ ከመጀመሪያው ጋር ነው የምንቆጥረው። በኦርቶዶክሱ አቆጣጠር ደግሞ አሥረኛው ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ተከራክረው ይመጣሉ፣ አስቀድመህ ንገራቸው።

ስለ አያቱ። እዚህ ወሎ ነው ያለነው፣ ሙስሊም አክስት ወይም አጎት የሌለው ልጅ ፈልገህ አታገኝም፣ ቅሬውም (እድሩም) የጋራ ነው። ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው፣ ወንበሩ ላይ እኔም አንተም አንቀመጥም በለው። ክርስቶስን ግን ሳታድበሰብስ አስተምረው። ቤት ሄዶ አያቱን እንዲሞግት እንዳትልከው ብቻ። አባትና እናትህን አክብር የሚለው ወደ አያትም ይደርሳል፣ ቡናዋን ያፍላላት።

አምና ማጽኛ የጨረስኩ፦
ከተማሪ ወገን ልናገር? እኛን የገደለን ጥቅስ መልቀም ነው። አንድ ቁጥር ከሮሜ፣ አንድ ከዮሐንስ፣ አንድ ከመዝሙር፣ ማን ለማን እንደተናገረው ሳናውቅ ሰዓቱ ያልቃል። አንድ ቀን ግን አስተማሪያችን ታሪኩን ከላይ እስከ ታች አነበበልን፣ ዘፍጥረት 37ን። ዮሴፍ 17 ዓመቱ ነበር! እኩያችን እኮ ነው። ወንድሞቹ ሸጡት፣ አባቱ ደግሞ አዳልቷል፣ ስለ አባትየው ብቻ ስንት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ሰኞ ለሙስሊም ጓደኛዬ ስነግረው ሱረቱ ዩሱፍን፣ በቁርኣን ያለችውን የዮሴፍ ምዕራፍ፣ እሱም ያውቃታል፣ የት ላይ እንደሚለያይ እያወዳደርን ቤት ደረስን። ማርቆስ 14 ላይ ነጠላውን ጥሎ ራቁቱን የሸሸው ጎረምሳም አለ፣ እሱን አንብብላቸውና ማን እንደሚተኛ አያለሁ።

ከኮምቦልቻ፦
ጋሼ፣ እህቴ፣ አንተም ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ በዮሴፍ እጀምራለሁ፣ ጥምቀቱን አስከትላለሁ። ስልኩንስ ምን ላድርገው? በር ላይ ልሰብስብ?

እናት አስተማሪ፣ ደሴ፦
አትሰብስብ፣ ትጣላላችሁ። ግማሾቹ መጽሐፍ ቅዱሱን በስልክ ያንብቡ፣ ግማሾቹ የ1954ቱን ትርጉም ከወረቀት፣ ከዚያ ያስተያዩት። ዋይፋይ ካለ ግን የይለፍ ቃሉን ቀይረው።