ለፖድካስት አንድ ምልክት ይበቃል ወይ?

ጠያቂዋ፦ ባለፈው ሳምንት የ7 ዓመት ልጄን ከኋላ አስቀምጬ እየነዳሁ ነበር። በፖድካስት የምንሰማው የተረት ክፍል አለቀና ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ክፍል በራሱ ጀመረ። ተራኪው ለስለስ ባለ ድምፅ አንዲት ሴት እንዴት እንደተገደለች ይዘረዝራል፣ እኔ ስልኩን እስካገኘው ድረስ ልጄ «እማዬ፣ ሴትየዋን ለምን ገደላት?» አለችኝ። በኋላ ሳየው ክፍሉ ላይ ምንም ምልክት የለም። እንደ ፊልም የዕድሜ ደረጃ ይውጣለት ባይ ነኝ። እናንተስ?

አዘጋጁ፦ እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። ግን ዕድሜ ላይ አልስማማም። እኔ ክፍል ስጭን የምጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኤክስፕሊሲት» (ለልጆች የማይሆን ነገር ያለበት) ነው ወይስ አይደለም? ብዙዎቻችን ደግሞ ስድብ ከሌለው «አይደለም» ብለን እናልፋለን። በሌላ በኩል የደረሰባትን ጥቃት የምትናገር ሴትና አፉ የማይገደብ ቀልደኛ አንድ ዓይነት ምልክት ይለጠፍባቸዋል። የእሷን ቃል መስማት የሚያስፈልጋት የ15 ዓመት ልጅ እኮ አለች! ቁጥር ብቻ ብንለጥፍ እሷንም እንዘጋባታለን። ምክንያቱ ይጻፍ። ኬይክዋይዘር የሚባለው የኔዘርላንድ የይዘት ደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለፊልምና ለቴሌቪዥን ከዕድሜው ጎን ዓመፅ፣ ፍርሃት፣ ወሲብ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ መጥፎ ቃል እያለ በሥዕል ያሳያል። ወላጅ አይቶ ራሱ ይወስናል።

አንድ አድማጭ፦ ማን ያጣራዋል ታዲያ? አዘጋጁ አድማጭ እንዳይቀንስበት ሲል ዝም ይላል። አንተም ብትሆን!

አዘጋጁ፦ ልክ ነህ፣ ያጓጓል። ግን በየቀኑ የሚጫነውን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ኮሚቴ ከየት ይመጣል? ጎግል ፕለይ ላይ አፕ የሚያስገባ ሰው መጠይቅ ይሞላል፣ ደረጃው ከመልሱ ይወጣል፣ የዋሸ ሲገኝ ይስተካከላል። ለእያንዳንዱ ክፍል አምስት ስድስት ጥያቄ መመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለፕሮግራሙ በጅምላ ሳይሆን ለየክፍሉ፣ እሱን አጥብቄ እናገራለሁ።

ጠያቂዋ፦ ምክንያቱ ይጻፍ ያልከው አሳምኖኛል፣ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር ረሳችሁ። ፖድካስት በጆሮ ነው የሚሰማው። ሥዕሉ ስክሪን ላይ ቢኖርም እኔ እኮ እጄ መሪው ላይ፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ክፍሉ ሲጀምር በድምፅ ይነገር። መተግበሪያውም ከልጆች ተረት ተነስቶ ወደ ግድያ ታሪክ በራሱ አይለፍ፤ እዚያ ጋ ቆሞ ይጠይቀኝ።

አዘጋጁ፦ በድምፅ የሚለውን ከሚቀጥለው ክፍሌ እጀምራለሁ። ሁለተኛው ግን በእኛ እጅ አይደለም፣ መተግበሪያ ሠሪዎቹን መወትወት አለብን።