ዋይት ሪምን በሳይክል፦ ውሃውን ራሳችን ተሸክመን ብንሄድስ?

ባለሳይክሉ ከዴንቨር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ጓደኛሞች ነን፤ ዩታ ሄደን ካንየንላንድስ ፓርክ ውስጥ ያለውን ዋይት ሪም የሚባል ኮረኮንች መንገድ ልንዞረው አስበናል። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጁላይ 4 እረፍት፣ በሦስት ቀን እንጨርሰዋለን ብለናል። ራቭ ፎር አለን፣ ግን ሁሉም ሳይክል ካልነዳሁ ስላለ ሹፌር የሚሆን ጠፋ። ውሃውን በየሳይክላችን ብንጭነውስ? አስፋልት ላይ በቀን 100 ኪሎ ሜትር አያቅተንም።

የጎሚስታው ልጅ፦
በጁላይ? አቦ ተዉ! ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ማለፉ እዚያ ብርቅ አይደለም፣ ጥላ የለም ማለት ይቻላል፣ የሚጠጣ ውሃ ደግሞ መንገዱን ሙሉ አታገኙም። እስቲ አስሉት፦ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር፣ በሦስት ቀን 12 ሊትር። 12 ኪሎ ማለት ነው፣ ድንኳኑና ምግቡ ሳይቆጠር። እኔ በኤፕሪል እንደናንተ ጭኜ ሄጄ ነበር። ከኋላ ያሰርኩት ጀሪካን ኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ ስሩ ተሰንጥቆ ጠብ ጠብ እያለ ሲያልቅ አልሰማሁም፤ የነቃሁት የኋላ ጎማዬ ላይ ቀዩ አቧራ ጭቃ ሆኖ ተለጥፎ ሳየው ነው። መኪና ይዘው የመጡ ፈረንጆች ባይደርሱልኝ አልቆልኝ ነበር።

ራቭ ፎሩንም እርሱት። የሚፈቀደው ከመሬት ከፍ ያለና ሎው ማርሽ ያለው ፎር ዊል ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ከቆመባችሁ ማስጎተቻው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው።

አዲስ ገቢ፦
ግሪን ሪቨር አጠገቡ አይደል እንዴ? ማጣሪያ ይዞ ከወንዙ መቅዳት ነው።

የጎሚስታው ልጅ፦
መንገዱ ወንዙ ዳር የሚወርደው በምዕራብ በኩል ነው። በሻፈር ቁልቁለት ከጀመርክ እዚያ እስክትደርስ ከግማሽ በላይ ሄደሃል። ውሃውም ደለል ነው፤ በባልዲ አሳድረህ ካላጠለልከው ማጣሪያህን ወዲያው ይደፍነዋል።

ሰናይት ሳ፦
ውሃው ላይ እውነቱን ነው፣ ግን ልጆቹን አታስፈራራቸው። መኪና ካለ ደስ የሚል ጉዞ ነው። ሹፌር ጠፋ ላልከው፣ እኛ አምስት ሆነን በየግማሽ ቀኑ ተራ ገባን። መርፊ ሆግባክ ዳገት ስር ስንደርስ ታዲያ ሁሉም "መኪናው የኔ ተራ ነው" ብሎ ድርቅ አለ ሃሃ። እኔ ሳይክሌን እየገፋሁ ነው የወጣሁት፣ አላፍርም።

የአስፋልቱን 100 ኪሎ ሜትር እዚህ አትቁጠረው። መንገዱ በ1950ዎቹ ለዩራኒየም ፍለጋ የተጠረገ ነው፤ ዛሬም ያው ድንጋይና አሸዋ ነው። አሸዋው ላይ ጎማህን ትንሽ አስተንፍሰው። ሻፈር ቁልቁለት ላይ ፍሬን ጨብጠህ አትቆይ፣ ያዝ ለቀቅ አድርገው። የኔ ፍሬን መታጠፊያዎቹ ሳያልቁ ማረር ማረር ይሸት ጀመር።

ፈቃድ አውጥታችኋል? ለአዳር ብቻ አይደለም፣ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስም ይጠየቃል። የጸደይና የመኸሩ ቶሎ ያልቃል። ደግሞ በሶ ያዙ፤ ውሃ ካላችሁ ምድጃ አያስፈልገውም።

ባለሳይክሉ ከዴንቨር፦
ተባረኩ። ፈቃድ የሚባለውን ጭራሽ አላሰብነውም ነበር። ጁላይን ሰርዘነዋል፣ ኦክቶበር ላይ እንሞክራለን። አንዱ ጓደኛችን ሎው ያለው ፎር ዊል የያዘ አጎት አለው፤ ችግሩ አጎትየው "መኪናዬን ከኔ በቀር ማንም አይነዳም" ይላሉ። እንግዲህ ሹፌር ተገኘ መሰለኝ። ሰኒ፣ በሶው ለአራት ሰው ስንት ኪሎ ይበቃል?