«ምርጥ ተመራማሪ» ተብዬ ተሸልሜያለሁ፣ ግን 450 ዶላር ክፈይ እያሉኝ ነው

ነቀዟ፦

ሰላም ናችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ከአዲስ አበባ ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሌክቸረር ነኝ፣ ማስተርሴን ከያዝኩ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ጎተራ ውስጥ ባቄላ ስለሚጨርስ ነቀዝ አንዲት ጽሑፍ አሳተምኩ። የመጀመሪያዬ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት ዞሬ፣ ባቄላ ቆጥሬ፣ ነቀዝ ቆጥሬ ያገኘኋት ስለሆነች እንደ ልጅ ነው የምወዳት።

ባለፈው ሳምንት ኢሜይል መጣልኝ። ሲጀምር «የተከበሩ ፕሮፌሰር ዶክተር» ይላል። አንዱንም አይደለሁም። ጽሑፌን አንብበው በጣም እንደተደነቁ፣ የዓመቱ «ምርጥ ተመራማሪ» አድርገው እንደመረጡኝ፣ ዱባይ ላይ በሚያዘጋጁት ጉባኤም ዋና ተናጋሪ እንድሆን እንደሚፈልጉ ይናገራል። ጉባኤው የልብ ሕክምና ጉባኤ ነው! ምዝገባው 450 ዶላር። ዋንጫው ለብቻው ይከፈልበታል። መሄድ ካልቻልኩ በዙም ማቅረብ እችላለሁ፣ ዋጋው ግን ያው ነው።

ማጭበርበር እንደሆነ ይሸተኛል፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን ነገሩን ስሙኝ። ኮሌጃችን በየሩብ ዓመቱ የመምህራን ዜና ያወጣል፤ ማን አሳተመ፣ ማን የት ሄዶ ጥናት አቀረበ፣ ማን ተሸለመ፣ ማን ግራንት (የምርምር ገንዘብ) አመጣ የሚል። ባለፈው አንድ ባልደረባዬ ልክ እንደዚህ ያለ ሽልማት ይዞ መጣ። ፎቶው ከነዋንጫው ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ፣ ዲኑ ሳይቀሩ እንኳን ደስ አለህ አሉት። የእኔ ነቀዝ ሁለት መስመር ተሰጣት፣ እሷም ስሜ ተሳስቶ። የሥራ አፈጻጸም ቅጹም ላይ «የተገኘ ሽልማትና ዕውቅና» የሚል ሣጥን አለ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር «የለም» ብዬ መጻፍ ሰለቸኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። እውነተኛውን ከውሸቱ በምን ትለያላችሁ? እንደኔ ፒኤችዲ የሌለው ሰውስ እውነተኛ ግራንት ከየት ይጀምራል?

ቡና_በስኒ፦

የልብ ሐኪሞች ስለ ነቀዝ ምን ብለው እንደሚጠይቁሽ ለማየት ብቻ እኔ በከፈልኩልሽ። 😂 ዋንጫ ከሆነ የፈለግሽው መርካቶ ስምሽ ሳይሳሳት ተቀርጾበት ይሠራልሻል፣ በብር ነው የምትከፍይው።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሰነበትኩ፣ ግን ይቺን ጉድ በዓይኔ ስላየኋት ልንገርሽ። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ እንዲህ ያለ ግብዣ መጣልኝና ሄድኩ። አዎ፣ ከፍዬ ሄድኩ። ስም አልጠራም። የሆቴል ምድር ቤት ነው፣ ወንበሩ ለሁለት መቶ ሰው ተደርድሯል፣ እኛ አሥራ አራት ነን። አራት ጉባኤ አንድ አዳራሽ ውስጥ አጭቀውታል። ከእኔ በፊት የተናገረው የጥርስ ሐኪም ነው፣ ከእኔ ቀጥሎ ስለ ሲሚንቶ የሚናገር አንድ ልጅ ነበር። እኔ በመካከል ስለ አፈር አሲዳማነት ሃያ ደቂቃ ለፈለፍኩ። አንድ ሰው ብቻ እጁን አወጣ፣ እሱም ምሳ የት እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። የምስክር ወረቀቴን ጠቅልዬ መጣሁ፣ ከባለቤቴ በቀር ያሳየሁት ሰው የለም።

ነገሩ ትልቅ ንግድ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጻፍ።) በ2016 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኦሚክስ የሚባለውን፣ መቀመጫው ሃይደራባድ ሕንድ የሆነ አሳታሚና ጉባኤ አዘጋጅ ፍርድ ቤት አቆመው። ያልተገመገመ ጽሑፍ በባለሙያ ተገምግሟል ይላል፣ ክፍያ እንዳለ የሚናገረው ጽሑፉን ከተቀበለ በኋላ ነው፣ ጉባኤዬ ላይ ይገኛሉ እያለ ያልተስማሙ ታዋቂ ሰዎችን ስም ይለጥፋል የሚል ነበር ክሱ። በ2019 ፍርድ ቤቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረደበት። ይሄ አንዱ ነው እንግዲህ።

እንዴት ይለያል ላልሽው፣ ክፍያ ብቻውን ምልክት አይደለም፣ ደህና ጉባኤም ምዝገባ ያስከፍላል። ምልክቱ ሙያሽ ከጉባኤው ጋር አለመገናኘቱ ነው። ያልሆንሽውን ማዕረግ መስጠታቸው ነው። ሽልማቱ ዋጋ የተለጠፈበት መሆኑ ነው። አሁንም ከተጠራጠርሽ ከተናጋሪዎቹ የሁለቱን ስም ያዢና በዩኒቨርሲቲያቸው አድራሻ ጻፊላቸው፣ «እውነት እዚህ ጉባኤ ላይ አሉ ወይ?» ብለሽ። እኔ ይህን አንዲት ኢሜይል ብጽፍ ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር።

ሽልማት ስትይ ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ አሉኝ። በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታው የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ አማካይነት ነውና ነገሩ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ላብራቶሪ፣ ሙከራ፣ ማስረዳት፣ እንደገና ማስረዳት። ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለው ሽልማት ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ የተሰጠው በ1989 ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቁጠሪ። ልብስ አጣቢዎቹን ግን ማንም አልሸለማቸውም፣ ይሄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ማሽላ፦

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታም እንደዚሁ ናቸው፣ ስንት ዓመት ለፍተው ነው ኖቤል የወሰዱት።

ቡና_በስኒ፦

ኖቤል አይደለም ወዳጄ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ነው፣ አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ ስላወጡ። 250 ሺህ ዶላር ሰጧቸው እንጂ 450 አምጣ አላሏቸውም።

ማሽላ፦

እሺ ተሳስቻለሁ። ግን የዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) ልጅ መሆናቸውን አትርሳ፣ እኛም ከዚያው ነን። 😎

ኃላፊው፦

ስሜን ቀይሬ ነው የምጽፈው ምክንያቱም ያንን የመምህራን ዜና በእኛ ዩኒቨርሲቲ የምሰበስበው እኔ ነኝ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከላይ «ስኬት ላኩ» ይባላል፣ ቀኑ ደግሞ ሁልጊዜ ነገ ነው። ለሃያ ሁለት መምህራን እጽፋለሁ፣ ሦስት ይመልሳሉ። ከሦስቱ አንዱ ዋንጫ የያዘ ፎቶ ከላከ እሱ ነው ከላይ የሚወጣው፣ ምክንያቱም ፎቶ አለው። የሰጠውን ድርጅት አጣራለሁ? አላጣራም። ማፈር አለብኝ፣ አፍራለሁም፣ ግን አሥራ ሁለት ክሬዲት እያስተማርኩ ነው ይህን የምሠራው።

ጥሩ ሠራተኞቹ ደግሞ አይልኩም። አንድ የሒሳብ መምህር አለ እኛ ጋ፣ ደህና ጆርናል ላይ አሳትሞ እኔ የሰማሁት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። ስጠይቀው «ይሄ ዜና ነው እንዴ?» አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ግን ነቀዟ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቴሌግራሙና የዕድገት ኮሚቴው አንድ አይደሉም። ረዳት ፕሮፌሰር ለመሆን ስታመለክቺ ኮሚቴው የሚያየው ጽሑፍሽ የት እንደታተመ ነው። እኔ በተቀመጥኩበት ኮሚቴ ዋንጫ ነጥብ አምጥቶ አላየሁም። በተቃራኒው፣ አስከፍሎ በሦስት ቀን የሚያወጣ ጆርናል ላይ አሳትሞ ማመልከቻው የተመለሰበት ሰው አይቻለሁ፣ ፊቱን ማየት ያሳዝን ነበር። ያቺ ሁለት መስመር የተሰጣት ነቀዝሽ እዚያ ቤት ከባልደረባሽ ዋንጫ ትበልጣለች።

ሣጥኑን በተመለከተ ግን አልዋሽሽም። ሣጥኑ እስካለ ሰው ይሞላዋል። ባልደረባሽን ሌባ አትበይው፣ ቅጹ ነው የገፋው።

ጡረተኛው፦

ኃላፊው፣ ስለ ቅጹ ያልከው ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ቅጹ ገፋኝ ብዬ እኔም ያኔ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ቅጹ አይሮፕላን ላይ አላሳፈረኝም።

ኃላፊው፦

ጋሼ፣ እርስዎ ያኔ ፕሮፌሰር ነበሩ። ሌክቸረር ሆነው በዚህ ኑሮ ቢሆን እንነጋገር ነበር።

ኡፕሳላ፦

ሁለታችሁም ተዉት፣ የልጅቷ ሁለተኛ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ስዊድን ፒኤችዲ እየሠራሁ ነው፣ እኔም ሌክቸረር ሆኜ ነው ይህን ሁሉ የጀመርኩት፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሩቅ አትሂጂ። የራስሽ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቢሮ በየዓመቱ የውስጥ ጥሪ ያወጣል፣ ብሩ ትንሽ ነው፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ግን ያንን አንዴ ተቀብለሽ በጊዜው ሠርተሽ ሒሳቡን በደረሰኝ ያወራረድሽ እንደሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ሰጪ «ይቺ ገንዘብ ይዛ ታውቃለች» ይላል። ሰው ይህን ይንቃል። እኔ የመጀመሪያ ግራንቴ ለሞተር ብስክሌት ነዳጅና ለመረጃ ሰብሳቢ አበል ብቻ ነበር የበቃው።

ከዚያ ሴት መሆንሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ትሪየስቴ ጣልያን የሚገኝ የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት አለ፣ በምህጻሩ ኦ ደብሊው ኤስ ዲ ይባላል። ከአገርሽ ወጥተሽ ሌላ ታዳጊ አገር ፒኤችዲ የምትሠሪበት ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል፣ ፒኤችዲውን ከያዝሽ በኋላ ደግሞ እስከ 50 ሺህ ዶላር የሚደርስ የራስሽን ላብራቶሪ የምታቋቁሚበት ነበረው። እዚህ ስዊድን፣ ስቶክሆልም ደግሞ በ1972 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለጀማሪ ተመራማሪ ትንሽ ግራንት ሲሰጥ ኖሯል። የዘንድሮውን ጥሪ ከየድረ ገጻቸው እዪ፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን አትመኚ።

ማሳተሚያ ገንዘብ የለኝም ካልሽ ደግሞ ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚሉትን፣ ለታዳጊ አገሮች የሳይንስ ጽሑፍ በነጻ ወይም በርካሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም ፈልጊ። ኢትዮጵያ ምድብ ሀ፣ ማለትም በነጻ ከሚያገኙት አገሮች ውስጥ ናት፣ ስለዚህ ብዙ አሳታሚዎች ከእኛ አገር ተቋም ለሚልክ ሰው ክፍያውን ይተዋሉ። ጽሑፉን ስትልኪ ነው የሚጠየቀው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይደለም። ይህን ባለማወቅ ስንት ሰው ከኪሱ ከፍሏል መሰለሽ።

ፕሮፖዛል ስትጽፊ አንድ ምክር ብቻ፦ «የነቀዝ ችግርን እፈታለሁ» አትበይ። «በሦስት ወረዳ፣ በሁለት ዓይነት ጎተራ፣ ስድስት ወር ውስጥ ስንት ባቄላ እንደሚጠፋ እመዝናለሁ» በይ። ገምጋሚ ሚዛን ያለውን ይወዳል።

ረጅም ነገር ከፈለግሽ ደግሞ እዚሁ ያለሁበትን ከተማ ልንገርሽ። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ መዝግቦ የያዘው ሥራ በ1980 በኡፕሳላና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ተጀምሮ፣ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ፣ ስምንት ቅጽ ሆኖ ያለቀው በ2009 ነው። ሥራውን ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በ2016 የኪው (የለንደኑ የዕፅዋት አትክልት ሥፍራ) ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ሲሰጣቸው እዚህ ያለን ልጆች እንደ ዘመድ ነው የተደሰትነው። ያ ሁሉ ዓመት በየሩብ ዓመቱ ምን ብለው ለዜና ላኩ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ «ዘንድሮም ቅጠል እየቆጠርን ነው» ይሆን?

ኃላፊው፦

😂 «ዘንድሮም ቅጠል እየቆጠርን ነው» ብሎ ቢልክልኝ አወጣዋለሁ፣ እምላለሁ። ነቀዟ፣ የእናንተን ኃላፊ አላውቀውም፣ ግን ፎቶ ላኪለት። አንቺ፣ ጎተራው፣ ባቄላው። በቃ ፎቶ ነው የሚፈልገው።

ነቀዟ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎን፣ የሲሚንቶውን ልጅ ሳስበው እስካሁን እየሳቅኩ ነው። አልከፍልም። የምርምር ቢሮ ዛሬ ሄጄ ጠየቅኩ፣ የውስጥ ጥሪው ሊዘጋ አሥር ቀን ነው የቀረው፣ ማንም አልነገረንም። ሁለት ዓይነት ጎተራ የሚለውን ሰርቄሻለሁ ኡፕሳላ።

ለኃላፊዬ ፎቶ ልኬያለሁ። እኔና አንዲት እናት ጎተራቸው በር ላይ ነን፣ እሳቸው የተበላ ባቄላ በእፍኛቸው ይዘዋል። «ዋንጫ የለውም?» ብሎ መለሰልኝ። እየቀለደ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

ኧረ ደግሞ አሁን ኢሜይሉ እንደገና መጣ። ለእኔ ብቻ ሲሉ ዋጋውን ወደ 199 ዶላር አውርደውታል፣ እስከ ዓርብ።

ቡና_በስኒ፦

ቆይ አትቸኩይ፣ እስከ ፋሲካ ዋንጫውን ከነትራንስፖርቱ ይልኩልሻል።