እንግዳችን ቄስ ስጋ አይበሉም፣ በጉ ደግሞ ተገዝቷል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ሀዋሳ ያለን የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ነን፣ ጀርመን ካለችው አጋር ቤተክርስቲያናችን አንድ ቄስ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ፣ መስተንግዶው ደግሞ ለኔ ተሰጠኝ። እናቶች ቀድመው አዋጥተው በግ ገዝተው አስረዋል፣ ትናንት ግን ቄሱ ስጋም አሳም አልበላም ብለው ኢሜል ላኩልኝ። እኔ በቃ የጾም በያይነቱ እንስራ፣ ሽሮ አለ ምስር አለ ጎመን አለ ብል እናቶቹ "ባህር ተሻግሮ ለመጣ እንግዳ ሽሮ? ነውር ነው!" ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ። እውነታቸውን ነው፣ ከጉድለታቸው ላይ ነው ያዋጡት፣ ልባቸውን መስበር አልችልም። በጉ ታርዶ ለምእመናኑ ቢቀርብና እሳቸው ፊት በያይነቱ ቢሆን ቅር ይላቸው ይሆን?

ሰዓቱም አደናግሮን ነበር፣ አምልኮ 3 ሰዓት ነው ስላቸው ከሰዓት በኋላ መስሏቸው፣ እሱን በነሱ አቆጣጠር ጠዋት 9 ብዬ አስተካክያለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ትርጉም ነው። ተርጓሚያችን አዲስ አበባ ስራ አግኝቶ ስለሄደ እኔ ልቆም ነው፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ ግን ስብከት ተርጉሜ አላውቅም። ስብከቱን ቀድመው እንዲልኩልኝ ብጠይቅ ድፍረት ይሆንብኛል? መድረክ ላይ ተርጉሞ የሚያውቅ ካለ ዛሬውኑ ይጻፍልኝ፣ በጣም ጨንቆኛል።