አባቴ ሪህ አለባቸው፤ አሁን ደግሞ እግራቸውን ድንጋይ መታቸው። ወጌሻ ይንካቸው?

የግንበኛ ልጅ (ጎንደር)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አባቴ ግንበኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን ተሻግሯል፤ የጥርብ ድንጋይ ሥራ ሲሆን ግን ሰው ዛሬም የሚፈልገው እሳቸውን ነው። ሰሞኑን ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ላይ የድጋፍ ግንብ ሲሠሩ አንድ ድንጋይ ከክምሩ ተንከባልሎ የቀኝ እግራቸውን ጫፍ መታቸው። አልደማም። ጣታቸውን ያንቀሳቅሱ ስለነበር እስከ ማታ ሠርተው ገቡ። ሌሊቱን ግን አውራ ጣታቸው ከሥሩ አብጦ፣ ቀልቶና ግሎ አደረ። ነጠላ ሲነካው እንኳ ያቃስታሉ።

ከዚህ በፊት ከፋሲካ በኋላ ማንም ሳይነካቸው በዚሁ ጣት ተመሳሳይ ሕመም ይዟቸው ነበር። ያን ጊዜ ደማቸው ተመርምሮ «ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሏል፤ ሪህ ነው» ተባሉ። የተሰጣቸውን መድኃኒት ሕመሙ ሲቆም ተዉት።

አሁን ቤታችን አልተስማማም። አክስቴ «ወለምታ ነው፣ ወጌሻ መጥቶ ይሽው» ትላለች። አባቴ ማስታገሻ ውጠው ነገ ሥራ መግባት ይፈልጋሉ። የሚቆሙበት መወጣጫ ከባሕር ዛፍ የታሰረ ነው፤ እኔ የምፈራው ከዚያ ላይ መውደቃቸውን ነው። ምቱ ሪሁን ሊቀሰቅሰው ይችላል? ወጌሻ ይንካቸው? ወደ ሥራስ መቼ ይመለሱ?

ከአዘዞ

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። እኔ አክስትሽን እደግፋለሁ። የሠፈራችን ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ሞቅ ባለ የጨው ውኃ ይዘፍዝፉትና ይታሽላቸው።

ባጃጅ ነጂው

ሪህ ያለብኝ ሰው ነኝና አባትሽ ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። እኔንም የያዘኝ በቀኝ አውራ ጣቴ ነው። የባጃጅ ፍሬን ደግሞ የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው። አንድ ጠዋት ከጎሃ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ስወርድ ፍሬኑን ለመርገጥ ሞከርኩ፤ ሕመሙ ከፈቃዴ በላይ ሆኖ እግሬ ወደ ኋላ ሸሸ። ተሳፋሪዋን ይዤ የቆምኩት ከውኃ መውረጃው ቦይ አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ሲነሣ ቁልፉን ለወንድሜ እሰጣለሁ። የቀን ገቢዬ ይቀንሳል፤ የሰው ሕይወት ግን በእጄ ነው። አባትሽንም ሥራው ይጠብቃቸዋል በያቸው።

ስለ ምግብ ሰው ብዙ ይነግራችኋል። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዱለት፣ ቢራና ጠላ በእውነት ይጎዳሉ። ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ። ሽሮና ምስር ግን አትከልክሏቸው፤ በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፒዩሪን (ሰውነት ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለውጠው ነገር) ሪህን እንደ ሥጋው እንደማያባብስ ሐኪሜ በደንብ አስረድቶኛል። በጾም ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ በፀሐይ መሥራት ግን ለኩላሊትም ለሪህም መጥፎ ነው።

ነርስ ከማራኪ

የግንበኛ ልጅ፣ በአጥንት ሕክምና ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። የጻፍሽው አሳስቦኛልና ረዘም ላድርገው።

አዎ፣ ምት ሪህን ይቀሰቅሳል። ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ሲበዛ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሠርቶ መገጣጠሚያ ውስጥ ይከማቻል። ሰውየው ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ድንጋይ ሲያርፍበት ወይም በረጅም መንገድ ሲደክም ክሪስታሉ ከተጣበቀበት ይላቀቅና እብጠቱና ግለቱ ይነሣል። አውራ ጣት ቀድሞ የሚጠቃው ከሌላው አካል ስለሚቀዘቅዝና በየእርምጃው ጫና ስለሚያርፍበት ነው።

ነገር ግን «ሪህ ስላለባቸው ሪህ ነው» ብላችሁ አትዝጉት። ሪህ ያለበት ሰው አጥንትም ይሰበራል፤ ድንጋይ ያረፈበት እግር ራጅ ይነሣ። የዛሬው የደም ምርመራ ዩሪክ አሲዱ ልከኛ ነው ቢል እንኳ አትዘናጉ፤ ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ካለፈ ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የተከፈተ ቁስል ካለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃቸው። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ መግል ሪህን ይመስላል፤ የሚለየውም ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ ሲመረመር ነው። ከዘገየ መገጣጠሚያውን ያበላሸዋል።

የአዘዞው ወንድሜ፣ ያየኸውን አልክድም። ይሁን እንጂ የጋለ መገጣጠሚያን ማሸትና መጎተት ሕመሙን ያባብሰዋል፤ ስንጥቅ ካለም አጥንቱን ከቦታው ያናጋዋል። ሙቅ ውኃውም ይቅር። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል ያዙበት፤ እግሩን በትራስ ከፍ አድርጉት። የአልጋ ልብሱ ጣቱን እንዳይነካው ከግርጌ ካርቶን አቁሙ።

የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለባቸው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም አይዋጡ። ኮልቺሲን የተባለው የሪህ መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ይጠቅማል፤ መጠኑን በራስ መጨመር ግን አደገኛ ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስሙን ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

መወጣጫውን መፍራትሽ ትክክል ነው። ማስታገሻ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ እግሩን አያጸናም። አውራ ጣቱ የታመመ ሰው በተረከዙና በእግሩ ውጭኛ ጠርዝ ይረግጣል፤ በባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ ደግሞ ሚዛን የሚጠበቀው በጣቶች ነው። መሬት ላይ እያነከሱ መወጣጫ ላይ አይውጡ። ሌሊት ወደ ደጅ ሲወጡም መብራት ይኑር። በትራቸውን በግራ እጃቸው ይያዙ፤ ከታመመው እግር በተቃራኒ ማለት ነው።

የግንበኛ ልጅ (ጎንደር)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራጅ ተነሡ። ሁለቱም ሆኖ ተገኘ! የጣታቸው ጫፍ አጥንት ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ ከሥሩ ያለው እብጠት ደግሞ ሪህ ነው ተባለ። ጣቱ ከጎረቤቱ ጣት ጋር ታስሮላቸዋል። ራጁን አክስቴም አየችው፤ ወጌሻውን ራሷ ደውላ አስቀረችው። ሐኪሙ ሲረጋጋ አሎፑሪኖል እንደሚጀመርላቸው ነግሮናል። አባቴ ግን «ሕመሙ ከለቀቀኝ ለምን እውጣለሁ?» ይላሉ። ቤት ተቀምጦ መዋሉም አንገብግቧቸዋል።

ነርስ ከማራኪ

እንኳን አወቃችሁት። ማስታገሻው ያበረደው የያዛቸውን ሕመም ነው፤ ክሪስታሉ ግን እዚያው አለ። አሎፑሪኖል ዩሪክ አሲዱን ቀንሶ ክሪስታሉ ቀስ በቀስ እንዲሟሟ ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ይጀመርና በደም ምርመራ እየታየ ይጨመራል፤ ግቡ በዴሲሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች ማውረድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ «መድኃኒቱ ጎዳኝ» ብለው እንዳይጥሉት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ቆዳቸው ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያው አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የጣት ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። እብጠቱ ሲወርድና ሐኪማቸው ሲፈቅድ፣ ተቀምጠው ድንጋይ ሊጠርቡ ይችላሉ፤ ማንሣቱንና መውጣቱን ወጣቶቹ ይሥሩት። መወጣጫ የሚወጡት በጣታቸው ጫፍ ቆመው፣ የሠፈራችሁን ቁልቁለት ሳያነክሱ ሲወርዱ ነው። ያኔም በነጠላ ጫማ አይሆንም፤ አፍንጫው ጠንካራ የሆነ የሥራ ጫማ ያስፈልጋቸዋል። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ግን አትግዙት፤ ልክ አይሆንም። ለመለካት ከሰዓት በኋላ ውሰጃቸው፤ እግር ያን ጊዜ ሰፋ ይላል።